«ውሃ!» ብዬ የጮህኩ ዕለት

የእርጥብ አፈር ሽታ መጣብኝ። አዳማ በበጋ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ይህ ሽታ ደስ ይላል፤ አንዱ ደጁን ውሃ ረጭቶ አቧራውን አስተኛ ማለት ነው። እኔ ግን የልጄን ምሳ እንደያዝኩ የወርክሾፑ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ። ግቢው ጠቁሯል። ፀሐይ ላይ እንዲደርቅ መሬት የተቀመጠው፣ ብረት የሚፈስበት የአሸዋ ፎርማም እስከ አፉ ረጥቧል። ከወዲያ ደግሞ ልጄና አብሯት የሚሠራው ከቡልቡላ የመጣ ልጅ፣ የቀለጠ አሉሚኒየም የሞላውን ድስት በረጅም መያዣ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ከምድጃው ወደ ፎርማው እየመጡ ነው። ዓይናቸው ድስቱ ላይ ብቻ ነው። ውሃው የተረጨው ወደ ምድጃው ዞረው ሳሉ ነው፤ የከሰሉ ማራገቢያ ጩኸት ምኑን ያሰማል።

ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ይችን ግን አውቃለሁ። ልጄ ሥራውን ስትጀምር ነግራኛለች። «እማዬ፣ የቀለጠ ብረት እርጥብ ነገር ካገኘ ይፈነዳል፤ ሰው ፊት ላይ ነው የሚተፋው።» እርጥብ ድንች የጋለ ዘይት ውስጥ የጨመረች ሴት ሁሉ ይገባታል።

ሊያፈሱት የነበረው ለመቂ ሽንኩርት አምራቾች ነው። የውሃ ፓምፕ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ክንፍ ብረት ይሰበርባቸዋል፣ መለዋወጫው ደግሞ ገበያ ላይ የለም። ልጄ መጀመሪያ መልኩን ከእንጨት ቀረጸች፤ እንጨቱን አሸዋ ውስጥ ጠቅጥቃ አወጣችው፤ የቀረውን ጉድጓድ ነው ብረቱ የሚሞላው። የመጀመሪያውን ናሙና ይሉታል። አንዱን ሠርተው ይሞክሩታል፤ ከሠራ ይበዛል።

ድስቱ ፎርማው ጋ ሊደርስ ሲል፣ «ውሃ! ውሃ! ውሃ!» ብዬ ጮህኩ።

ሌላ ምን ልበል? ግን እኛ ሰፈር ሴት «ውሃ!» ብላ ከጮኸች ወይ ሰው ወድቋል ወይ ቤት ተቃጥሏል። ጎረቤታችን ሐጂ፣ ባለ ሱቁ የወሎ ሰው፣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ተሸክመው፣ ክዳኑን እየፈቱ ከተፍ አሉ።

«አብሽሪ እህቴ! መጣሁ! ማነው የተቃጠለው?»

እጄን ዘርግቼ በሩን ዘጋሁባቸው። ትልቅ ሰው ገፍቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ጀሪካኑን ይዤ ታገልኳቸው።

«አይርጩ ሐጂ! በአላህ አይርጩ!»

«ውሃ አልሽ እኮ!»

«ውሃ አለ ነው ያልኩት!»

«አለ እንጂ! ይኸው ይዤልሽ!»

ልጄ ጭቅጭቃችንን ሰምታ ቀና አለች። አየችኝ፤ ከዚያ መሬቱን አየች።

«ቁም» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ማል ታቴ?» አለ በኦሮምኛው፣ ምን ሆንሽ ማለቱ ነው፤ ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋዋል።

«ፎርማው ርሷል። ቀስ ብለህ ወደ ኋላ። ወደ ምድጃው።»

የኋሊት ሄዱ። ምድጃው ላይ መልሰው ሲያስቀምጡት፣ ማራገቢያውንም ሲያጠፉት፣ እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ። ልጄ ጓንቷን አውልቃ መጣችና ፊቴን ዳሰሰችኝ።

«እማዬ፣ ቀሚስሽ ጭቃ ሆነ።»

«ይሁን! ጭቃ ይሁን!» አልኳት፤ እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

ሐጂ ነገሩ ሲገባቸው ጀሪካኑን ከአጥር ውጭ አስቀምጠው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ለካ የራሳቸውን ደጅ ሲረጩ፣ «ልጆቹም አቧራ አይብላቸው» ብለው የእኛንም ግቢ ረጭተውልናል።

«አቧራ ላስተኛ ብዬ ልጆቹን ላስተኛቸው ነበር!» አሉ፣ ራሳቸውን ይዘው።

«ሐጂ፣ እኛ ቡልቡላ ውሃ ለከብትም አይበቃን፤ እርስዎ መሬት ያጠጣሉ?» አላቸው ልጁ። ቀለሙ እንኳ ገና አልተመለሰም፣ ይቀልዳል።

የረጠበውን አሸዋ ጣሉት። በሌላ አሸዋ አዲስ ፎርማ ሠርተው ጣራ ሥር አደረቁት። የሚያፈሱ ዕለት ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው በራችን ላይ ዘብ ቆሙ፤ ውሃ የያዘ ሰው ዝር እንዳይል። እኔም ከእሳቸው ጀርባ ሆኜ አየሁ። ብረቱ ድምፅ ሳያሰማ፣ እንደ ወተት፣ ዝም ብሎ ገባ። አንድ ፍንጣሪ የለም። ያን ጊዜ ነው ሙሉ ትንፋሽ የተነፈስኩት።

ሲቀዘቅዝ አሸዋውን አፍርሰው አወጡት። ሸካራ ነው፣ ቡራቡሬ። ልጄ በማግስቱ ብረት መላጫው ማሽን፣ ቶርኖ ላይ አስራ እያሽከረከረች ጠርዙን ላጨችው፤ ፍቅፋቂው እንደ ጸጉር እየተጠቀለለ ይወርዳል፣ ከሥሩ ብርማ ብርሃን ይወጣል። መሐሉን በስታ የፓምፑን ዘንግ ሰካችበት፤ ልክክ አለ። እዚያ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ቶርኖም ጣት ይወስዳል ይላሉ፤ ግን ጣቶቿን እያየሁ አልተርበደበድኩም።

ወደ ማታ አብረን ወደ ቤት ገባን። ፊቷ ፊቷ ነው፣ እጇም እጇ። ልጄ ተርፋለች። እኔም ደህና ነኝ።