የአባቴ ካሜራና የአያቴ ዓይን

ባለፈው ሳምንት መታወቂያ ላሳድስ ብዬ ፎቶ ልነሳ ሄድኩና አንድ የልጅ ልጄ እኩያ የሆነ ፎቶ አንሺ ሲያናድደኝ ዋለ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር መስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። «እማማ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» አለኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይታወቅም፣ በዚያ አልተቀየምኩም። አነሳና አየው። «ተንቀሳቀስሽብኝ እኮ» አለ። ደግሞ አነሳ፣ ደግሞ ተንቀሳቀስሽ። ጉልበቴን ጨብጬ፣ ትንፋሼን ውጬ ነው የተቀመጥኩት። በሦስተኛው ከመሳቢያው ቀጭን ጥቁር ሽቦ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ካሜራው ላይ ሰካ፣ በሌላኛው ጫፍ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጫነ። ካሜራውን በእጁ አልነካውም። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ታዲያ ማን ኖሯል የተንቀሳቀሰው? ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም፣ እኔም ትቼው ወጣሁ።

«ተንቀሳቀስሽ» የምትለዋን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ወጣትነቴን ሙሉ ስሰማት የኖርኳት ቃል ናት። የሚላትም አባቴ ነበር።

አባቴ ጌታሁን በባቡር ጥገናው ሃያ ምናምን ዓመት ከባድ መዶሻ ይዞ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ነው። በኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቆቹ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት። እሱ ቤት መጥቶ «ዕድገት ሰጡኝ» አለን፣ እኛም እንኳን ደስ ያለህ አልነው። በዚያው ሰሞን አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ ግሪክ መካኒክ ያገለገለ ካሜራውን ለእሱ ትቶለት ሄደ። ፊቱ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋና የሚታጠፍ፣ በጥቁር ቆዳ የተለበጠ ካሜራ ነበር። ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ምን ዓይነት ነገር ይጀምራል? አባቴ ፎቶ ማንሳት ጀመረ።

ቤታችን ለገሃሬ ነበር፣ ግቢያችን ውስጥ አንድ ትልቅ ኒም ዛፍ ነበረን። የድሬ ፀሐይ ረፋድ ካለፈ ዓይን አታስገልጥም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያነሳን ከኒሙ ጥላ ሥር ነው። ጥላ ውስጥ ደግሞ ያ ካሜራ በቂ ብርሃን እስኪያገኝ ዓይኑን ቆየት አድርጎ መክፈት አለበት። በዚያች ቅጽበት ትንሽ ከተነካ ሁሉም ነገር ይበላሻል። አባቴ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ሳጥን አስቀምጦ ከላዩ ያቆመዋል፣ ጎንበስ ይላል፣ በዚያ በሚርገበገብ ጣቱ ይጫነዋል። ካሜራው ራሱን ሲነቀንቅ ከተቀመጥንበት ይታየናል። ፊልሙ ከዚራ ሰፈር ካለው ፎቶ ቤት ታጥቦ ሲመጣ እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት አፍንጫ አለን። «ተንቀሳቀሳችሁ» ይላል አባቴ። «ሰው እንዴት አንዲት ደቂቃ አርፎ መቀመጥ ያቅተዋል?» እኛም ይቅርታ እንጠይቃለን።

አዎ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። በቤታችን ስለ አባባ እጅ አይነሳም። እናቴ ሻይ የምትቀዳለት በግማሽ ብርጭቆ ነው፣ እንዳይፈስበት። ሲጨርስ ደግማ በግማሽ ትቀዳለታለች፣ ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። እኔ ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ ስልሳ ሕፃን «ዝም በሉ» ስል እውልና ቤት ስገባ ዝም የምለው እኔ ነኝ።

እናቴ አስካለ የመንዝ ልጅ ናት። በአስራ አምስት ዓመቷ አባቴን አግብታ በባቡር ወደ ድሬ ከወረደች በኋላ አንድም ቀን አገሯን አላየችም። መጀመሪያ ወሊድ በወሊድ ላይ ሆነባት፣ ቀጥሎ ዳሌዋን ታመመችና በቅሎ ላይ መቀመጥ አቃታት። እናቷ፣ ማለትም አያቴ፣ ከመንዝ በዓመት አንድ ሁለቴ በመሪጌታ እጅ ደብዳቤ ታስጽፍልናለች። በዚያ ዓመት የጻፈችው ዓይኗ እየደከመ መሆኑን ነው። «ጨርሶ ሳይጨልምብኝ የልጄን ፊት በፎቶ አሳዩኝ» ይላል።

አባቴ በደስታ የሚሆነውን አጣ። ለፋሲካ እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሹሩባ ተሠርታ ከኒሙ ሥር ተቀመጠች። ታጥቦ የመጣው ፎቶ ላይ ቀሚስ መሆኑ ይታወቃል፣ ሰው መሆኑም ይታወቃል። ከዚያ በላይ ግን ማን እንደሆነች እኔ ልጇ እንኳ መለየት አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ከዚራ ሄደን ፎቶ ቤት ተነሺ» አልኳት አባቴ ሥራ ሲሄድ።

«ባሌ ካሜራ እያለው?» አለችኝ። «ሰው ምን ይላል? እሱስ ምን ይሰማዋል? እናቴ እንደሆነች እኔን በምንም ትለየኛለች።»

ፎቶው ተላከ።

ሰኔ ላይ መልስ መጣ። በቤታችን ደብዳቤ ጮክ ብሎ የሚያነበው አባቴ ነው፣ እኛ ዙሪያውን እንቀመጣለን። ዘይቱን የበሰለበት ጊዜ ነበርና አንድ ሳህን ሙሉ ፊታችን ነበር፣ ቤቱን ሽታው ሞልቶታል። ከሰላምታው በኋላ እንዲህ ይላል። «ፎቶው ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። መሪጌታም ጎረቤቱም ሁሉ አይተውት ቁርጥ አስካለ ናት አሉኝ። ለእኔ ግን ጉም ብቻ ነው የሚታየኝ። ዓይኔ እንደሄደ በዚህ አወቅሁ። ሰው እጄን ይዞ ሲመራኝ መታየት ስለማልወድ ከእንግዲህ ከደጄ አልወጣም። አታልቅሱ፣ ዕድሜዬ ነው።»

ከሳህኑ ማንም አላነሳም። ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። አያቴ ታያለች። የማይታየው ፎቶው ነው። መንዝ ያለው ሰው ሁሉ ያንን ጉም ተቀባብሎ እያየ፣ የአማቿ ፎቶ ተበላሽቷል ላለማለት፣ «ቁርጥ እሷ» ብሏታል። እሷም እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት ብላ ራሷን ዕውር አደረገች። እዚያም ይሉኝታ፣ እዚህም ይሉኝታ። እናቴን አየኋት፣ እንባዋ ይወርዳል፣ እሷም እንደገባት ከፊቷ አውቃለሁ። አባቴ ደብዳቤውን አጠፈው። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀት አስመጣና የጻፈው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «እማማ፣ ተስፋ አይቁረጡ፣ ለዓይንዎ ጠበል ይሞክሩ።»

ልፈነዳ ነበር። አልፈነዳሁም።

በነጋታው ከትምህርት ቤት ስወጣ ደቻቱን በድልድዩ ተሻግሬ መጋላ ገባሁ። ወንዙ ደርቆ አሸዋው ላይ ግመሎች ተኝተዋል። ከአንዱ ሱቅ ሙሽበክ እየተጠበሰ ስኳሩ መንገዱን ሁሉ ያውደዋል፣ እኔ ግን ምራቄም አልመጣ። አብዲ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበር፣ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ መነጽር፣ የተሰበረ ነገር ሁሉ የሚጠግን። ካሜራው ሳይነካ የሚያነሳበት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ከመስታወት ሳጥኑ ሥር ፈልጎ አራት ክንድ የሚሆን ሽቦ አወጣ።

«አቦ፣ ይሄ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ተኝቷል፣ ወላሂ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። «ለማን ነው? የማን እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው?»

«የኔ» አልኩ።

ባንኮኒው ላይ ያረፈውን እጄን አየ። «ያንቺ እንኳ አይደለም» አለና ሌላ ነገር ሳይጠይቅ አሠራሩን አሳየኝ። «ስሚኝ፣ ዋናው ነገር ሽቦውን ማላላት ነው። ከወጠርሽው የእጅን መንቀጥቀጥ ይዞ ካሜራው ድረስ ይሄዳል። ረገብ ካለ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።»

ቤት ወስጄ ለአባቴ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። «ይሄ እጅ ለሌለው ሰው ነው» አለ።

«አይ አባባ፣ አዲስ አበባ ያሉ ፎቶ አንሺዎች ሁሉ በዚህ ነው የሚሠሩት። ጎንበስ ሳትል፣ ቀጥ ብለህ ቆመህ፣ የሚነሳውን ሰው ፊት እያየህ ታነሳለህ።» የዋሸሁት ውሸት ዛሬም ያስገርመኛል። ሦስት ቀን አኮረፈ፣ በአራተኛው ራሱ ካሜራው ላይ ጠምዝዞ አስገባው።

እሑድ አስር ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ እናቴ እንደገና ያንን ቀሚስ ለብሳ ተቀመጠች። ፊልሙ ስምንት ፎቶ ይይዛል። አባቴ ሽቦውን ይዞ የመጨረሻ ርቀቱ ድረስ ሄደ። ሽቦው ተወጠረ። እጁ ሲርገበገብ ሽቦው ይርገበገባል፣ ካሜራው ራሱን ይነቀንቃል። ሽቦ የሌለ ያህል ነው።

«አባባ፣ ጠጋ በል» አልኩት።

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ እንዴት ልበለው? «ጥላህ እማዬ ላይ እያረፈ ነው።»

«ጥላ ውስጥ ተቀምጠን ምን ጥላ አለኝ?» እውነቱን ነው። አንድ አነሳ። ሁለት አነሳ። ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ሁለት ይርቃል። «ይሄ ነገር ከሩቅ ለመሥራት ነው የተሠራው፣ አንቺ አይደለሽ ያልሽኝ?» አለኝ ጭራሽ። ስንት ጊዜ ነጥቄ ልወረውረው እንዳሰብኩ እግዜር ነው የሚያውቀው። አራት አነሳ፣ አምስት አነሳ።

እናቴ ናት የገላገለችኝ። «እባክዎ ጠጋ ይበሉ፣ ከሩቅ ሳይዎት አንገቴን አመመኝ» አለችው። ለእሷ እምቢ አይልም። ተጠግቶ ካሜራው ጎን ቆመ፣ ሽቦው ረግቦ ወደ መሬት ተንጠለጠለ፣ እጁ እንዳሻው እየተንቀጠቀጠ ተጫነ። ካሜራው ንቅንቅ አላለም። እናቴ ግን በዚያች ቅጽበት ዓይኗ ከካሜራው ላይ እንዳልነበረ አየሁ። ወዲያው አባቴ ተመልሶ ራቀና የቀሩትን ሁለቱን ሽቦውን ወጥሮ ጨረሳቸው።

ፊልሙ ታጥቦ መጣ። ሰባቱ ጉም ናቸው። ስድስተኛው ላይ እናቴ አለች፣ ከነቅንድቧ፣ ከነሹሩባዋ መስመር፣ ከአገጯ ሥር ካለችው ጠባሳ ጋር። እኔ በደስታ ልዘል ስል አባቴ ፎቶውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ይሄማ ተበላሽቷል» አለ። «ወደ ካሜራው አላየችም። ካሜራ ያላየ ሰው ፎቶ ተነሳ አይባልም። ሌላ ፊልም እገዛለሁ።»

ይሄን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? በማግስቱ ፎቶውን ሰርቄ ፖስታ ቤት ወሰድኩት። ከፎቶው ጋር አንድ ቃል አልጻፍኩም።

ክረምቱ መንገዱን ዘግቶት መልሱ የመጣው መስከረም ላይ ነው። አባቴ ፖስታውን ከፍቶ እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ አነበበው። «ጌታሁን እንዳልከኝ ጠበል ተጠምቄ ዓይኔ በራልኝ። ሁለተኛው ፎቶ ሲመጣ የልጄን ቅንድብ ሳይቀር ቆጠርኩት።» አባቴ ሁለተኛ ፎቶ የሚለው ላይ ሲደርስ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጠበሉ ግን ደስ አሰኝቶት ነበርና ማንበቡን ቀጠለ። «አንድ ነገር ግን ከፋኝ። ልጄ ካሜራውን ትታ ወደ ጎን የምታየው ምንድን ነው? እኔ እናቷ ነኝ፣ ይህንን አተያይዋን አውቀዋለሁ። ሕፃን ሆና ወንድሟ ታሞ የተኛ ጊዜ እንዲህ ነበር የምታየው። የታመመባችሁ ሰው አለ?»

አባቴ ማንበቡን አቆመ። ቀሪዋን የስንብት መስመር አላነበባትም። ደብዳቤው በእጁ ላይ ይንኮሻኮሻል።

«እጄን ነው» አለ።

«አዎ» አለች እናቴ። «እጅዎን ነው።»

ለእኔ በዚያች ቀን ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ተከፈተ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ካሜራውን ሲያወጣ «ነይ አንቺ ተጫኚልኝ» ማለት ጀመረ፣ እኔም ብዙ ፎቶ አነሳሁ፣ አብዛኛው ደህና ነው። ሰው ይህንን ስነግረው ይስቃል፣ መጨረሻው አማረ ይላል። ጠበሉ ላይ ሲደርስ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

የአያቴ ዓይን የምር የጠፋው በዓመቱ፣ በሚቀጥለው መስከረም ነው። ከመጀመሪያው ፎቶ በኋላ ልታይ የቀራት ጊዜ አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ላይ ሦስቱን ወር፣ ግንቦትን፣ ሰኔንና ሐምሌን፣ የሚያይ ዓይን ይዛ ዕውር ነኝ ብላ ከቤት ሳትወጣ ተቀምጣለች። የመንዝ ጋራ በሰኔ እንዴት አረንጓዴ እንደሚሆን እናቴ ስታወራ ሰምቼ ነበር፣ በኋላም ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በአባቴ ስናደድ ኖሬ ነበር፣ በእናቴም፣ በመሪጌታውም። ዕድሜዬ ሲገፋ የቀረኝ ንዴት በራሴ ላይ ነው። አባቴ ቢያፍር፣ እናቴ መጻፍ ባታውቅ፣ እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ሰዓት ሠሪ ፍለጋ መጋላ ድረስ ከምሄድ «አያቴ፣ ዓይንሽ ደህና ነው፣ የተበላሸው ፎቶው ነው» ብዬ አንዲት መስመር መጻፍ እችል ነበር።