የአረንጓዴዋ ቦታ

ሰውየው ሰኞ ሰኞ ከቦሩ ሜዳ በሚኒባስ ይመጡና፣ ጽናት ከምትሠራበት የደሴ ኢንተርኔት ቤት ያንኑ የጥግ ኮምፒውተር ይይዛሉ። ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው፣ ማውዙን እንደ እንቁላል እየሳሱ ይጨብጡታል። የፈረንጅ ፊደል ስለማያነቡ፣ ጽናት ኢሜይላቸው የሚከፈትባትን የስክሪን ትር፣ ታቧን፣ አረንጓዴ አድርጋላቸዋለች። አረብ አገር ያለችው ልጃቸው ከጻፈች ሁለት ዓመት አልፏል፤ እሳቸው ግን አረንጓዴዋን ነክተው ሰዓታቸው እስኪሞላ ይጠብቃሉ።

በ2006 ግንቦት ውስጥ፣ በአንዱ ሰኞ፣ የኢንተርኔት መክፈቻው ብሮውዘር አፕዴት ሆኖ፣ መልኩን ለውጦ ቆያቸው። ታቦቹ ወደ ላይ ወጥተዋል፤ ጠርዛቸው ክብ ብሏል፤ ሁሉም ግራጫ ናቸው። ሰውየው የድሮውን ቦታ በጣታቸው ዳበሱት።

«ልጄ፣ አረንጓዴዋን ማን አነሳት?»

«ይችውልዎት አባባ፤ መልኳ ተቀየረ እንጂ ያችው ናት።»

«አይ፣ ወደ ቦታዋ መልሺልኝ።»

ጽናት ሴቲንጉን ብታገላብጠው፣ ታቡን ቀለም የምትቀባበት ተጨማሪ ፕሮግራም ከአዲሱ ብሮውዘር ጋር አልሠራ አላት። ግራ ገባት። «ምን ቸገረዎት? መልእክት ከመጣ እዚሁ ይገባል።»

ሰውየው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቷ እዚያ ሆና የምትፈልገኝ በአረንጓዴዋ ነው። ብቅ ብላ ብታጣት፣ አገር ለቀን የሄድን ይመስላታል።»

ጽናት ከመሳቢያዋ አረንጓዴ ፕላስተር አውጥታ ቆረጠችና፣ ስክሪኑ ላይ ከድሮው ቦታ ለጠፈችው።

«እንዲያ ነው» አሉ ሰውየው፤ ፕላስተሯን በጣታቸው ነካ አድርገው መጠበቃቸውን ቀጠሉ።