ቪዛ የማይጠየቁ እንግዶች

ልጅ ሳለሁ አፌ አያርፍም ነበር፤ ለምን፣ ከየት፣ እንዴት እያልኩ ሰው አሰለች ነበር። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ሞርስ ሮድ ከሚባል ጎዳና አጠገብ በነበረው አፓርትመንታችን ጥያቄዬን የሚችሉት፣ እናቴ ከሥራ እስክትመለስ የሚጠብቁኝ ሜክሲኳዊት ጎረቤታችን እማማ ሮሳ ብቻ ነበሩ።

ያኔ ሲመሽ፣ ሻማ አብርተው በዚያ በተጎተተ እንግሊዝኛቸው የሚያወሩልኝ የራሳቸውን ሰዎች ታሪክ ነበር፤ አባታቸው በኦሃዮ እርሻ ቲማቲም ሲለቅሙ ወገባቸው እንደጎበጠ፣ ወንድማቸው ለአሜሪካ ሊዋጋ ሄዶ እንዳልተመለሰ። «ድንችሽ ላይ የምታፈሺው ኬቻፕ ከየት የመጣ መሰለሽ?» ይሉኝና ይኮራሉ። እኔማ ከፋብሪካ ይመስለኝ ነበር።

ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን አንድ ቀን፣ ጠረጴዛ ላይ የሁለቱን ሟቾች፣ የአባታቸውንና የወንድማቸውን ፎቶ ከዳቦና አደይ ከመሰለ ቢጫ አበባ ጋር አስቀመጡ። በአገራቸው ልማድ ሙታን በዓመት አንዴ ቤተሰባቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉና፣ ዛሬ ይመጣሉ አሉኝ።

«በምን?»

«በአበባው ሽታ።»

«ቪዛስ?»

እማማ ሮሳ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እነሱን ቪዛ የሚጠይቅ የለም። ፎቷቸውን ማስቀመጥ ይበቃል።»

ፎቶ ብቻ ከሆነማ ምን ችግር አለ! ደሴ ያለችው አያቴ ቪዛ ስትከለከል እናቴ እንዴት እንዳለቀሰች አይቻለሁ። እማማ ሮሳ ወጥ ቤት ሲገቡ ከቦርሳዬ የአያቴን ፎቶ አውጥቼ ከወታደሩ ጎን አቆምኳት።

እናቴ መጥታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሻማ፣ አበባ፣ የሟቾች ፎቶ፣ መሃላቸው እናቷ። መርዶ በጎረቤት ቤት ሲነገር እያየች ያደገች ሴት ሌላ ምን ታስብ? «እናቴን! ደብቃችሁኝ ነው?» ብላ ደረቷን እየደቃች ወደቀች። እማማ ሮሳ ምንም ሳይገባቸው አቅፈዋት አብረው ማልቀስ! በቃ፣ ለእናቴ ይኸው ማረጋገጫ ሆነ።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት! እንድትመጣ ብዬ ነው!» ብል ማን ሰምቶኝ። እናቴ ደሴ ደወለች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ።

«ማነው በዚህ ውድቅት?» አለች አያቴ።

እናቴ ድምፅዋን ስትሰማ ልቅሶዋን ለቀቀችው። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ሁሉንም የነገርኩት እኔ ነኝ።

«ተዝካሬን በቁሜ አወጣሽልኝ በይኛ፣ አንቺ ቀበጥ!» ብላ እስኪያስላት ሳቀች። ቀጥላ ግን ድምፅዋ ረጋ አለ። «ሌሎቹስ የማን ሰዎች ናቸው? የክርስትና ስማቸው ማነው?»

እናቴ አስተረጎመች። እማማ ሮሳ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው «ኢግናሲዮ። ራፋኤል» አሉ።

«ኢግናሲዮ፣ ነፍስ ይማር። ሩፋኤል፣ ነፍስ ይማር።»

እማማ ሮሳ ቃሉ ባይገባቸውም አማተቡ። እኔም ገረመኝ፤ ያን ሁሉ ታሪክ ሰምቼ፣ ያን ሁሉ ጥያቄ ጠይቄ፣ ስማቸውን ገና ያኔ መስማቴ ነበር።

አሁን የልጄ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የእነ እማማ ሮሳን ወገኖች፣ የላቲኖዎችን ቅርስ ሲያከብር፣ ማታ ስለ ቲማቲም ለቃሚው ኢግናሲዮና ስለ ወታደሩ ራፋኤል እነግራታለሁ። ባለፈው «ፋሚሊያችን ናቸው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት፣ ሳላቅማማ።