ከሳሹ ያልመጣበት ቀጠሮ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፣ ቤት አልተቃጠለበትም። ጥቂት ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ተከራከሩ፣ ሌሎች ጥቂት ሰዎች ደግሞ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ፤ ይኸው ነው። የዶርም ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ «ስለዚህም ይጻፋል እንዴ? እዚያ እኮ ሁሉም ይሰዳደባል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሁሉም ይሰዳደባል። እኔ ግን ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ተራ ነገር ከሆነ አንባቢ ይፍረድብኝ ብዬ ጀመርኩት።

የመጣሁት ከዋግ ኽምራ፣ ከጋዝጊብላ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት ሰቆጣ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ኢንተርኔት ያየሁት ያኔ ነው፣ በኮምፒውተር ላብ ውስጥ። ጓደኞቼ ፎቶ ሲያዩ እኔ ኢትዮጵያውያን የሚከራከሩበት አንድ የውይይት ገጽ አግኝቼ እዚያው ተተከልኩ። በፕላዝማ የሚሰጥ ትምህርት ይጠቅማል አይጠቅምም፣ የሲሚንቶ ዋጋ ለምን ናረ፣ የቻይና ስልክ ይሻላል የአውሮፓ፤ የማያውቁት ነገር አልነበረም። «ይመስለኛል» የሚል ሰው እዚያ አይገኝም። እኔ ፈተና ላይ እንኳ መልሴን ሁለት ሦስት ጊዜ የማጠፋ ሰው ነኝና እንዲህ እርግጠኛ መሆናቸው በጣም ያስቀናኝ ነበር። የተማረ ሰው ማለት እንዲህ ነው ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ቀን «ለገበሬ ኢንተርኔት ምን ያደርግለታል?» የሚል ክርክር ተከፈተ። ብዙዎቹ ምንም አይሠራለትም አሉ፤ አንዱ «መጀመሪያ ጫማ ያድርግ» አለ። እኔ ረጅም ጽሑፍ በጥንቃቄ አዘጋጅቼ፣ «የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች» ብዬ ጀምሬ፣ ስለ እህቴ ጻፍኩ።

እህቴ ታላቄ ናት። አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ እንደ እኩዮቿ ሁሉ ዐረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታ፣ ከደላላ ጋር ተነጋግራ ነበር። በዚያው ሰሞን የግብርና ባለሙያዎች አሠልጥነው ዘመናዊ ቀፎ ሰጧት። ማሩ አማረላት። አዲስ አበባ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ማሯን ቀምሶ ወደደው፤ ከዚያ በኋላ በስልክ እየተነጋገሩ በሰቆጣ መኪና ትልክለት ጀመር። ፓስፖርቱ ሳጥን ውስጥ ገባ። አባታችን «ልጄን ንብ አስቀረልኝ» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር። የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ ስልክ እንኳ ይህን ካደረገ ኢንተርኔት ምን ያህል ያደርጋል አልኩ።

በስሙ ቦታ የአንበሳ ሥዕል የለጠፈ ሰው መለሰልኝ። በዚያ ገጽ ላይ እንደ እሱ ብዙ የሚጽፍ የለም። «ወንድሜ» አለኝ፤ ሁሉም ወንድ አድርገው ይቆጥሩኝ ነበር። «ወንድሜ፣ የዋግን ማር ገዝቼ አውቃለሁ። ነጭ፣ ድርቅ ያለ። ስኳር ነው። ገበሬው ስኳር ቀቅሎ እየሸጠልህ አንተ ስለ ቴክኖሎጂ ታወራለህ።»

የኛ አገር ማር ነጭ ነው፤ ብርድ ሲያገኘው ይረጋል። ይህን በትሕትና፣ «እርስዎ» እያልኩ አስረዳሁት። ከእኔ በኋላ የመጡት ግን የጻፍኩትን አላነበቡም፣ የእሱን ነው ያነበቡት። አንዱ ስለ ስኳር ኬሚስትሪ ጻፈ። ሌላው ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ገበያ ያልወጣችው በእንዲህ ዓይነት ሌብነት ነው አለ። ሦስተኛው የዋግ ማር የሚሸጥባቸውን የአዲስ አበባ ሱቆች በስም ጠቀሰ፤ የእህቴ ደንበኛ ሱቅም አብሮ ነበረበት። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ሰቆጣን የረገጠ አልነበረም። አንዱ እንዲያውም ትግራይ ውስጥ መስሎት ነበር።

ጥር ላይ ነጋዴው ወደ እህቴ ደወለ። ደንበኞቹ አንብበው ጠይቀውታል። «ነገሩ እስኪጣራ አትላኪ» አላት።

በሴሚስተሩ እረፍት አገር ቤት ስገባ ቤቱ የለቅሶ ቤት መስሏል። እህቴ ልትወቅሰኝ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሷ ግን ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ «ማን ነው እንዲህ ያለው?» ብቻ አለችኝ። ክርክሩን አትሜ ይዤ ነበርና አነበብኩላቸው። አንብቤ ስጨርስ አባቴ ተነሥቶ ሽማግሌ ሊጠራ ሄደ።

እኛ ጋ የሰው እህል ወይም ከብት በገበያ ላይ ክፉ ስም ሲወጣለት ነገሩ በሽማግሌ ያልቃል። ስም ያወጣው ሰው ይጠራል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ምሎ እመጣለሁ ይላል። ሲመጣ ከተከሳሹ ቤት ይበላል፤ ከሳሽም ቢሆን መንገደኛ ሳይበላ አይናገርም። ከዚያ በዕቃው ፊት ቃሉን ይደግማል። ደፍሮ ካልደገመው፣ ወይም ከቀረ፣ ቃሉ ወደቀ ይባልና ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሣውም። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቀጠሮ ምሎ የቀረ ሰው ግን አላየሁም።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ትልቁ የደብራችን ቄስ ናቸው። ጽሑፉን ወደ አገራችን ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣንጋ፣ እየመለስኩ ካነበብኩላቸው በኋላ ጥያቄ ጀመሩ።

«የማን ልጅ ነው?»

«አይታወቅም አባ።»

«አገሩስ ወዴት ነው?»

«አይታወቅም።»

«ስሙንስ?»

«ስሙንም አልጻፈም አባ። የአንበሳ ሥዕል ነው ያደረገው።»

ቄሱ አባቴን ዞር ብለው አዩት። «ልጅህን ከአራዊት ጋር እንድትከራከር ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የላክሃት?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዱ ሽማግሌ «አንበሳ ደግሞ ማር ምን ያገባዋል፣ ጅብ ቢሆን እንኳ ቀፎ ይገለብጣል» አሉ። እህቴ ሳይቀር ሳቀች፤ ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ቄሱ ሳቁ ሲበርድላቸው «ይሁን፣ ሰው ነውና ይጠራ» አሉ። «ንገሪው። ግንቦት ሚካኤል ይምጣ። አንዱን ቀፎ ሳንነካ እናቆየዋለን፣ በዓይኑ ፊት ይቆረጣል። ስኳር ከሆነ ይህች ልጅ ማር ሁለተኛ አትሸጥም። ካልሆነ እሱ አፉን ይያዝ። የሚያድርበትም አያሳስበው፤ እኔ ቤት ያድራል።»

ተመልሼ የነገሩኝን ቃል በቃል ጻፍኩት፤ ከሰቆጣ በየት በኩል እንደሚመጣ ሁሉ ጨምሬ። ገጹ በሳቅ ምልክት ተሞላ። አንበሳው «እመጣለሁ! ዶሮ ይታረድልኝ» ብሎ መለሰ። ሌሎቹም «እኔም አለሁ»፣ «ጠጅም ይኑር» እያሉ ተከታተሉ። እኔ ጠንቃቃ ነኝና ለብቻው እንደገና ጠየቅኩት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰዎቹ ስለሚዘጋጁ ነው። በእውነት ይመጣሉ?»

«እናቴን! እመጣለሁ» አለ።

እናቴን። ከተማ ውስጥ ይህ ቃል እንደ «እሺ» እንደሚባል አሁን አውቃለሁ፤ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ በየደቂቃው ይባላል። እኔ ባደግኩበት ግን በእናቱ የማለ ሰው ታሞም ቢሆን በቃሬዛ ይመጣል። ለእህቴ ደወልኩላት። ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ነፋሱ ከድምፅዋ ጋር ይሰማኝ ነበር።

«ምሏል?»

«በእናቱ ምሏል።»

«እንግዲያስ ጨዋ ሰው ነው» አለች። ደስ አላት። ነጋዴውም ቀኑን ሰምቶ «ጥሩ፣ እስከዚያ እንጠብቅ» አላት። ደላላው በዚያ ሰሞን ቤት ድረስ መጥቶ ነበር፤ ከግንቦት በፊት አታናግረኝ ብላ መለሰችው።

የግንቦት ሚካኤል ዕለት ትምህርት ነበረኝ፤ ቀረሁ። ከጠዋት ጀምሮ ላብ ውስጥ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት መንገድ ጠፍቶበት ቢጽፍ ብዬ ይሆናል። እህቴ ከጉብታው ላይ ደወለች። ታቦቱ ገብቷል፣ ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተቀምጠዋል፣ ዶሮው ተሠርቷል፤ አባቴ እንግዳውን ሊቀበል በቅሎ ይዞ እስከ መኪና መንገዱ ወርዷል። «ሲነሣ ጽፎልሻል?» አለችኝ። አልጻፈልኝም አልኳት። «ይደርሳል፣ መንገዱ ክፉ ነው» ብላ ዘጋች።

ስልኩን ሳስቀምጥ ከአንበሳው ሥዕል አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ በራ። ገጹ ላይ ነበር። ሁለት ሲም ካርድ ስለሚወስዱ የቻይና ስልኮች ይከራከራል፤ እንደ ሁልጊዜው እርግጠኛ ነው፤ አንዱን «ያልገባህን ዝም በል» ይለዋል።

ወዲያው ጻፍኩለት። «ዛሬ ግንቦት ሚካኤል ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። የት ነዎት?»

ጥቂት ቆይቶ መልሱ መጣልኝ። «ሃሃሃሃ። የምርህን ነው እንዴ? ወንድሜ፣ ቀልድ አታውቅም?»

ከዚያ ጥሪዬን ቀድቶ ለሁሉም ለጠፈው። «ሰዎቹ ዶሮ ሠርተው እየጠበቁኝ ነው!» አለ። ሲስቁብን ዋሉ። አንዱ በቁም ነገር «ይህ ነው የአገራችን ችግር፣ ሕዝቡ ዲጂታል ዓለምን አልተረዳም» ብሎ ረጅም ትንታኔ ጻፈ፤ አመሰገኑትም። እኔ የማውቀውን ስድብ ሁሉ ጽፌ ሳልልከው አጠፋሁት። ያን ቀን ያልላክሁት ትሕትና ስላለኝ አይደለም፤ ከስድቤም ቀልድ እንደሚያወጡ ስላወቅኩ ነው።

አዎ፣ ስለ እህቴ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው ብዬ አልጽፍም። ብዙ ሰው እንዲህ እንድል ይጠብቃል፤ የዶርም ጓደኛዬም «ባትጽፊ ኖሮ» ብላኛለች። እውነት መጻፍ ጥፋት አይደለም። በማያውቁት ማር ላይ መፍረድ፣ በእናት ስም መቀለድ፣ ሰው በቅሎ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ስለ ስልክ መከራከር ጥፋት ነው። የተማረ ሰው ማለት እንዲህ ነው ብዬ በመቅናቴ ግን ዛሬም እናደዳለሁ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል እህቴ እንደገና ደወለች። እየጮኸች ነበር፣ በደስታ።

«ረታን! ቀረ! ቃሉ ወደቀ ብለው ፈረዱ! ቀፎውንም በሰው ሁሉ ፊት ቆረጥነው። ለነጋዴው አሁኑኑ ልደውልለት ነው።»

«እንኳን ደስ አለሽ እታለም» አልኳት።

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም። በኋላ እንደነገረችኝ በትዕግሥት ሰምቷታል። «እህቴ፣ ማርሽ ንጹሕ መሆኑን እኔ አውቃለሁ» ብሏታል። «ግን ሽማግሌ ፈረደ ብዬ ለደንበኛ ብነግረው ይስቅብኛል። እነሱ የሚያነቡት እዚያ ያለውን ነው።» እዚያ ያለው ደግሞ እስከ ዛሬ አለ። ነጭ ማር ብሎ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የአንበሳውን ቃል ነው። እንዲያጠፉት ለገጹ አስተዳዳሪዎች ጻፍኩላቸው፤ «ሐሳብን በነጻነት መግለጽ መብት ነው» ብለው መለሱልኝ።

ሰቆጣ ገበያ ማሩን ይገዛዋል፣ ግን ቤት ሁሉ ንብ ባለበት አገር በርካሽ ነው፤ ያ ለእህቴ ጨው መግዣ እንጂ መኖሪያ አይሆናትም። ቀፎዎቿን ለአባቴ ትታ ፓስፖርቷን ከሳጥን አወጣች።

አውቶቡሱ የምማርበት ከተማ አድሮ ነው የሚሄደው። በጠዋት መናኸሪያ ሄጄ አገኘኋት። አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ደላላው ከሰጣት ትንሽ ቦርሳ ጋር ቆማለች። ከሷ ጋር የሚሄዱት የአገራችን ልጆች ቀድመው ገብተው ቦታ ይዘውላታል። ስለ ትምህርቴ፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ሁሉም ነገር ጠየቀችኝ። ረዳቱ ተሳፋሪ እየተጣራ ሳለ ጠጋ ብላ «ያ ሰውዬ» አለችኝ፤ «ደኅና ነው? ሳስበው ከረምኩ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆኖ ይሆናል እንጂ እንዲሁ አይቀርም ነበር።»

ልዋሻት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም።

«እታለም፣ ደኅና ነው። ሲቀልድ ነው እንጂ ሊመጣ አላሰበም ነበር።»

ፊቴን አየችው፤ እኔ የምቀልድ መስሏት።

«በእናቱ ምሎ?» አለች።

ረዳቱ ክንዷን ይዞ አሳፈራት። ሰኔ 17 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር፤ ቀጠሮው ካለፈ ወር ከአምስት ቀን።