ሳይጠየቅ የተሸጠው ቡልኮ

ባዩሽ ፀጉሯ የሸበተው ሲቀላ ገበያ ውስጥ የጨንቻ ሸማ ስትሸጥ ነው። ገዢ ገና ቡልኮ ሲነካ «ለማን ነው? ማን ያደርሰዋል?» ብላ ካላጣራች አትሸጥም። አንዳንዱ «ሴትዮዋ ፖሊስ ናት እንዴ?» ብሎ ጥሏት ይሄዳል። እሷ ግን ምክንያት አላት። ደጋው ላይ ሬሳ የሚጠቀለለው በቡልኮ ነው፤ ሳይነገር የመጣ ቡልኮ መርዶ ይመስላል። ስለዚህ ለእናት ለአባት ቡልኮ ሲላክ የሚያውቁት ሰው አብሮ ይሄዳል፤ ገና ከአጥሩ ሳይገባ «የደስታ ነው!» እያለ ይጣራል።

የበይነ መረብ ሱቁን የሠራችላት ማዕዶት ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የወጣች፣ እጇም ምላሷም ፈጣን የሆነ ልጅ። የጨርቁ ፎቶ ሳይኳኳል ይታይ፣ ዋጋው ፊት ለፊት ይቀመጥ፣ መመለስ የፈለገ አይጉላላ አለች። ባዩሽ ይህን ሁሉ ወደደችው።

«የእርስዎ ጥያቄ ግን ይውጣ፣ እትዬ ባዩሽ። ገዢ ጥያቄ ሲበዛበት ይሸሻል።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ የምጠይቀው ለሚቀበለው ሰው ብዬ ነው።»

«ለሚቀበለው ፍጥነት ይበቃዋል። ሲነጋ ከደጁ እናደርሳለን።»

ባዩሽ መከራከር ነበረባት፤ ኋላ ቀር መባልን ፈርታ «ይሁን» አለች።

አንድ ማለዳ ስልኳን ብትከፍት፣ አዲስ አበባ የሚኖረው ጢሞቴዎስ ደጋው ላይ ኦቾሎ ላለችው እናቱ ለአገኘሽ ቡልኮ ገዝቷል። ማዕዶት ዋዜማውን አሽጋ ለሞተረኛ ሰጥታዋለች። አገኘሽ ለባዩሽ ዘመኗን ሁሉ ጥጥ የፈተለችላት ወዳጇ ናት። የበኩር ልጇን መርዶ ያረዷት ልክ በዚህ ሰዓት፣ ጎህ ሲቀድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልቧን ታማለች፤ የቀራትም ጢሞቴዎስ ብቻ ነው።

ሞተረኛው ጋ ደወለች፤ ስልኩ አይሠራም። አገኘሽ ጋ ደወለች፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። መኪና ተኮናትራ ሽቅብ ስትወጣ ስልኳ ላይ የሱቁ መልእክት ገባ። «ዕቃው በሰላም ደርሷል» ይላል፤ ከጎኑ የምትስቅ ፊት አለች። ባዩሽ ማዕዶትንም ራሷንም ረገመች።

ኦቾሎ ስትደርስ ሰው ነጠላውን እያጣፋ ወደ አገኘሽ ግቢ ይሮጣል። ሞተረኛው በሩ ላይ ደርቆ ቆሟል።

«ምን አልካት?» አለችው።

«ምንም አላልኩም፣ እትዬ። ስሟን ጠይቄ ጥቅሉን ሰጠኋት። ፈታችው፣ የልጇን ስም ጠርታ ጮኸች፣ ወደቀች።»

ባዩሽ ወደ ውስጥ ገባች። አንዲት ጎረቤት የአገኘሽን ዓይን እየከደነች ነበር።

ስልኳ ጠራ። ጢሞቴዎስ ነው።

«እትዬ ባዩሽ፣ እናቴ ስልክ አታነሳም። ቡልኮው ደረሰላት? ወደደችው?» ይስቃል።

ባዩሽ ለቅሶው እንዳይሰማው ወደ ጓሮ ወጣች።

«ጢሞቴዎስ፣» አለችው፣ «አሁን የት ነህ? አጠገብህ ማን አለ?»

ሳቁ ተቋረጠ።