የሜካኒኩ ሊጥ

የሜካኒኩ ሴት ልጅ የመጣችው ሁለት ባዶ ሻንጣ ይዛ ነው። ባዶ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ጭኖ የሚሄደው ነገር እንዳለ ሜካኒኩ አልጠፋውም። ከበሩ ጀርባ ደርድራ አስቀመጠቻቸው። እሱም እንዳላየ ሆኖ በጎናቸው አለፈ።

ጣጣውን ያመጣው የገዛ አፉ ነው። ሚስቱ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል። በለቅሶው ሰሞን ልጁ፣ «ብቻህን አትቀመጥም፤ እኔ ጋ ነው የምትመጣው» ብላ ስትይዘው፣ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ እየሰማ እንዲህ አላት።

«የዓሣው ወቅት እስኪዘጋ አንድ የካርፕ ዓሣ ካልያዝኩ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ እመጣለሁ። ከያዝኩ ግን ይህ ወሬ ሁለተኛ እንዳይነሳ።»

ሠላሳ ዓመት ግድቡ ዳር ቁጭ ብሎ ባዶ እጁን የተመለሰበትን ቀን በጣት ሊቆጥር የሚችል ሰው ስለነበረ፣ ቃሉ ቀላል መስሎት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወቅቱ የሚዘጋው ዛሬ ነው። ካርፖቹ እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ ስለሆነ፣ አመሻሽ ላይ ጥበቃው ፊሽካ ነፍቶ የግድቡን በር ይቆልፋል። ሜካኒኩ ደግሞ በስምንት ወር አንዲት ካርፕ አልያዘም።

ያልሞከረው ማባበያ የለም። ትል ሞከረ፣ የተቀቀለ በቆሎ ሞከረ፣ ዳቦ በነጭ ሽንኩርት ለውሶ ሞከረ። ካርፕ እንደ ሌላው ዓሣ ያገኘውን አይውጥም፤ ወደ አፉ ይስባል፣ ይቀምሳል፣ ካላማረው እትፍ ይላል። የእሱን ሁሉ እትፍ አለበት። ፀጉር አስተካካዩማ ታጣፊ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ፣

«ናፍጣው! ዓሣዎቹን ልታጠምድ ነው የምትመጣው ወይስ ልትቀልብ?» ይለዋል።

ሠላሳ አምስት ዓመት የናፍጣ ሞተር ፈትቶ ሲገጥም የኖረ ሰው ነውና፣ ሰፈሩ ናፍጣው ነው የሚለው። ጡረታ ወጥቶም ከቤቱ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር ይጠግናል።

ድሮ ማባበያውን የምትሠራው ሚስቱ ነበረች። የበቆሎ ዱቄትና የዳቦ ፍርፋሪ፣ ትንሽ ማር። ሊጡን አቡክታ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይዛ አብራው ትወርዳለች፤ መንጠቆው ላይ የምታደርገውም ራሷ ናት። እጁን ከዘረጋ፣ «ሰብስብ!» ትለዋለች። እሱ የወጥ ቤት ሹመቷን እንዳይነካባት ይመስለው ነበር። ከሞተች በኋላ መሳቢያዎቿን ሁሉ ገለባብጦ የተጻፈ ነገር ፈለገ፤ አላገኘም። የደበቀችው አንድ ቅመም አለ ብሎ ደመደመ። ቁም ሣጥኑን ብቻ አልከፈተም። እዚያ ልብሶቿ እንደተሰቀሉ ናቸው።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት፣ ወጥ ቤት ቆሞ ሲያቦካ ልጁ ገባች። መጀመሪያ ያየችው ምድጃው ላይ ያረረውን ድስት ነው።

«ይሄ የመቼ ነው?»

«የቆየ ነው።»

«አባዬ፣ አንድ ቀን ከቤቱ ጋር ትቃጠላለህ።» ከዚያ አፍንጫዋን ሸበሸበች። «ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?»

«ሊጥ ነዋ።»

ጎንበስ ብላ አሸተተች። «ይሄ ናፍጣ ነው።»

«ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤያለሁ!»

«እጅህን አምጣ እስቲ።» ተቀብላ መዳፉን አሸተተች። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር መስመር ከእሷ ዕድሜ ይበልጣል። ትልም ሆነ በቆሎ፣ መንጠቆ ላይ ሲሰካ የኖረው በዚሁ እጅ ነው። «እማዬ ለዚህ ነዋ የማታስነካህ።»

ሜካኒኩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገረችኝም?»

«ብትነግርህ ምን ትል ነበር?»

አሰበ። «እቀየም ነበር።»

«እንግዲያው።»

ልጅቷ ምን እንዳደረገች የገባት ይሄኔ ነው። አፏን ይዛ ቢሆን ኖሮ ነገ ጠዋት አባቷን ይዛ በሄደች። ከበሩ ጀርባ ያሉትን ሻንጣዎች አየች። እሱም ስታይ አያት። አልለመናትም፤ ልመና አያውቅም። እሷም እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሊጡን ቆሻሻ ውስጥ ደፋችው።

«ያዘንኩልህ እንዳይመስልህ» አለች ዱቄት እየነፋች። «በኋላ በሊጡ እንዳታሳብብ ነው።»

«ልስላሴው እንደ ጆሮሽ ጫፍ ይሁን። እሷ ጆሮዋን እየነካች ነበር የምትለካው።»

«አውቃለሁ። አንተ ጋራዥ ስትሆን አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ግድቡ ዳር ሲደርሱ ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ዘርግቶ ይጠብቃል። «እኔ ዛሬ ዳኛ ነኝ» አለ። «ዳኛ ደግሞ አያግዝም፤ ከአሁኑ ልንገራችሁ።»

ሜካኒኩ ቦታ ለመምረጥ ብዙ ቆየ። ከሸምበቆው ፊት፣ ከጭቃው ውስጥ ጥቃቅን አረፋ የሚወጣበትን አየ፤ ካርፕ በአፉ ጭቃ ሲቆፍር እንዲያ ነው። የበተነው በቆሎ አንድ እፍኝ ብቻ ነው።

«ይሄ ይበቃል?» አለች ልጁ።

«መጥራት ነው እንጂ ማጥገብ አይደለም። የጠገበ ዓሣ መንጠቆ ምን ያደርግለታል?»

ሊጡን እሷ ባቄላ አሳክላ አድቦልቡላ፣ የመንጠቆው ጫፍ በጥቂቱ ብቅ እንዲል አድርጋ ሰካችው። እሱ እጁን ከኋላው አጣምሮ ቆመ።

ጠዋቱ እንዲሁ አለፈ። ከሰዓት በኋላ ክሩ ላይ የታሰረው ቡሽ ውሃው ላይ ሁለት ጊዜ ንቅንቅ አለ።

«ሳበው እንጂ!» አለ ዳኛው።

«ዝም በል። እየቀመሰ ነው።»

ቡሹ ቆመ። ሜካኒኩ ክሩን ሲያወጣው መንጠቆው ባዶ ነው። ይህኛው ዓሣ ግን ሊጡን በልቶ የሄደ እንጂ እትፍ ያለ አይደለም፤ ሜካኒኩ መንጠቆውን መልሶ ለልጁ አቀበለ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ሊጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነበር። ጥበቃው ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከወዲያኛው ዳር መራመድ ጀምሯል። ልጅቷ የመጨረሻውን ሊጥ ሰካች። ሜካኒኩ ወረወረ። ሦስቱም ቡሹ ላይ አፈጠጡ።

ቡሹ አልሰጠመም። ቀስ ብሎ በጎኑ ተጋደመ። ክሩን ወደ ታች የሚያሰጥመውን የእርሳስ ክብደት ከጭቃው ያነሳው አለ ማለት ነው።

ሜካኒኩ ዘንጉን ሳበ። ዘንጉ ደጋን ሆነ። ክሩ እያፏጨ ተተረተረ፤ ዓሣው በቀጥታ ወደ ሸምበቆው ነው ያመራው፤ እዚያ ከገባ አለቀ። ሜካኒኩ ዘንጉን ወደ ጎን አጋድሞ የዓሣውን ራስ ከሸምበቆው ጠመዘዘ። ቢያስገድደው ይበጠሳል፣ ቢለቅለት ሸምበቆ ይገባል። እንዲያ ሲጓተቱ ቆይተው፣ የዓሣው ጀርባ አንዴ ብቅ ብሎ ተመልሶ ሰጠመ።

«መረብ!»

ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር፤ ቃሉ ትዝ ሲለው ግን ባለበት ቆመ። ባለ እጀታውን መረብ ያነሳችው ልጅቷ ናት። ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ እስከ ጉልበቷ ገባች። ዓሣው ሲቀርብ መረቡን ሰነዘረችበት። በረገገ። ክሩ በመረቡ ጠርዝ ላይ ተፋተገ፣ ዘንጉ ተርገፈገፈ።

ሜካኒኩ ልጁን አያት። ተሳስታ ይሁን አስባው አላወቀም። እሷም ፊቷ አመድ መስሎ ታየዋለች። ክሩ ሌላ መፋተግ አይችልም።

«አትከተይው» አላት፣ ድምፁን ሳያነሳ። «መረቡን አስጥሚና ቁሚ። እኔ አመጣዋለሁ። መረቡ ወደ ዓሣው አይሄድም።»

ጥበቃው ሃምሳ እርምጃ ቀርቶታል። ልጅቷ ወደ ክሩ አየች፣ ወደ አባቷ አየች። ከዚያ መረቡን ውሃ ውስጥ አስጠመችና ክርኖቿን ከጎኗ አጣብቃ ጸጥ ብላ ቆመች፤ ልክ እናቷ ትቆም እንደነበረው። ዓሣው ተንገዳግዶ፣ ጢሙ እየታየ፣ በመረቡ ጠርዝ ላይ ተንሸራቶ ገባ። ቀና አደረገችው።

«ካርፕ ነው!» ጮኸ ዳኛው። «ምን ካርፕ፣ ይሄ ጥጃ ነው እንጂ!»

ፊሽካው ተነፋ።

በእርጥብ ጨርቅ ይዘው መንጠቆውን ነቀሉለት። ሆዱ በእንቁላል ተወጥሮ ነበር። ሜካኒኩ እጁን አልሰደደም፤ ልጁ ናት ውሃው ውስጥ ደግፋ፣ ጅራቱን እስኪያወናጭፍ ጠብቃ የለቀቀችው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጫማዋ ጭልቅ ጭልቅ ይላል።

«ወቅቱ ሲከፈት ማን ያቦካልሃል?» አለችው።

«እጅ ያላት ሰው።»

«እሷማ ሩቅ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው።»

«አውቶቡስ የለም እንዴ?»

በማግስቱ ልጅቷ ስትነቃ፣ ከበሩ ጀርባ አንድ ሻንጣ ብቻ ነው ያለው። ሌላኛው ሻንጣ መኝታ ቤት፣ አልጋ ላይ ተከፍቷል። አባቷ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ፣ ያንኑ ናፍጣ የሚሸት እጁን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ፣ የእናቷን ልብሶች አንድ በአንድ እያጣጠፈ ያስገባል።

«አባዬ፣ እኔ ላድርገው።»

«ተይኝ። ሻንጣ ራሴ እሸከማለሁ ብያለሁ።»

ልጁን ሲሸኛትም እስከ አውቶቡሱ ድረስ ራሱ ተሸከመው።