ሽሚት ማለት ምን ማለት ነው

ቅዳሜ ማለዳ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የተነሳነው ለትዳር ጉዳይ ነው። እህቴ ትዕግስት ጀርመናዊውን ዮናስን ልታገባ ነው። አባታችን በሕይወት ስለሌለ የታላቅ ወንድሙ የአባባ ይመር ፈቃድ ያስፈልጋል። እኔ ጀርመንኛ ስለተማርኩ በአስተርጓሚነት ሄድኩ።

ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ሾፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ነዳ። አቀስታ ወርደን ትኩስ ቅቅል በላን። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት የእንግዳውን ስም ጠየቁኝ።

"ዮናስ ሽሚት ይባላል" አልኳቸው።

ወደ እሱ ዞረው "አባትህ አቶ ሽሚት ደህና ናቸው?" አሉት።

ሽሚት ከቅድመ አያት የወረደ የቤተሰብ ስም እንጂ የአባቱ ስም እንዳልሆነ ስነግራቸው በጣም ሳቁ።

እኔን ግን ከዚያ በኋላ ሐሳብ ያዘኝ። የጀርመን የቤተሰብ ስሞች ብዙዎቹ ከጥንት አያት ሥራ የመጡ ናቸው፤ ሙለር ባለ ወፍጮ፣ ሽናይደር ልብስ ሰፊ፣ ባወር ገበሬ ማለት ነው። ሽሚት ደግሞ ብረት ቀጥቃጭ። የእኛ ሽማግሌዎች ከቀጥቃጭ ቤት ጋር መጋባትን እንዴት ያዩት እንደነበር አውቃለሁ።

"ምናለ ባወር በሆነ" አልኳት ትዕግስትን።

"አንተ እንዳለ ተርጉመው" አለችኝ።

መካነ ሰላም፣ ከሰዓት በኋላ

አባባ ይመር ደጃፍ ድረስ ወጥተው "መርሃባ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" ብለው ተቀበሉን። የገብስ ቆሎና ጠላ ቀረበ። ትንሽ አጫወቱንና "ለመሆኑ ይሄ ሽሚት የምትሉት ትርጉሙ ምንድን ነው?" አሉ።

"እንግዲህ... ብረት ነክ ሥራ ላይ የተሰማራ..." እያልኩ ስንተባተብ፣ ዮናስ ቃሉን ከትዕግስት ተምሮት ኖሮ ክንዱን እንደ መዶሻ እያነሳ "ቀጥቃጭ" አለ በኩራት።

አባባ ይመር የያዙትን ጠላ አስቀመጡ።

"እኔም በጉብዝናዬ የቀጥቃጭ ልጅ ወድጄ ነበር" አሉ። "አባቴ ዘራችንን አታበላሽም ብለው ከለከሉኝ። ሌላ አግብቼ በሰላም ኖርኩ፤ እሷን ግን አልረሳኋትም።" ተነስተው የዮናስን እጅ ያዙና ወደ ትዕግስት ዞሩ። "አብሽሪ ልጄ፣ እኔ የቀመስኩትን አንቺ አትቀምሽም። ሰርጉ መቼ ነው?"

ያሉትን ለዮናስ ተረጎምኩለት። ዮናስ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ማታውን ዶሮ ተበላ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አባባ ይመርም ምርኩዛቸውን አስቀምጠው እስክስታ ወረዱ።

እሑድ ደሴ ገባን። ያን ሁሉ መንገድ የተጨነቅኩት ለአንድ ቃል ለስላሳ ትርጉም ፍለጋ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን የማውቃቸውን አጎቴን ግን አንድም ቀን ስለ ወጣትነታቸው ጠይቄያቸው አላውቅም። እናቴ በሩን ከፍታ ፊታችንን አየች፤ ምን እንዳሉ እስክንነግራት አልጠበቀችም፣ እልልታዋን አቀለጠችው።